«የእግርሽን ነገር እንዳታነሺ»

ሰው መናቅ ከልጅነቴ ጀምሮ የተካንኩበት ነገር ነው። አንዳንዱ ሰው ዘፈን ይችላል፣ አንዳንዱ ወጥ ይሠራል፤ እኔ እንቃለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ በዱላ ሳይሆን በዓይኗ ነው ሰው የምትደበድበው» ትል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ «አንደበትሽ መጥፎ ነው» እንዳትሉኝ ነው። አውቀዋለሁ። የምነግራችሁ ታሪክ ውስጥ ግን ንቀት የሚገባቸው ሰዎች አሉ፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ቶሮንቶ ከገባሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ከባሌ ከታደሰ ጋር እንኖራለን። እኔ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ አንድ ላውንደሪ ቤት ጓሮ ክፍል ተቀምጬ የሰው ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ታደሰ መሀል ከተማ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ትኬት ይሰጣል። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በጽሕፈት ሥራ ዲፕሎማ አለኝ፤ እሱ ከሰባተኛ ክፍል ነው የወጣው። ይህን ልዩነት በአፌ አውጥቼ የተናገርኩት ጥቂት ጊዜ ነው። በሆዴ ግን በየቀኑ እናገረው ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ በክረምቱ ብርድ ነው። ከአንገቴ ተነሥቶ በቀኝ ትከሻዬ በኩል እስከ አውራ ጣቴ ድረስ ኤሌክትሪክ የነካኝ ይመስል ይነዝረኛል። ፋሚሊ ዶክተሬ «የአንገትሽ ነርቭ ተቆንጥጧል» አለኝና ማስታገሻ ሰጠኝ። አንገቴ በኤም አር አይ እንዲነሣም ወረቀት ጻፈልኝ። «ተራሽ ሲደርስ ደብዳቤ ይመጣልሻል» አለኝ። በረዶው ቀለጠ፣ ዛፉ አቆጠቆጠ፤ ደብዳቤው ግን አልመጣም።

እየጠበቅሁ ሳለ ሌላ ነገር ተጨመረ። እግሬ የእኔ አልመስል አለኝ። ጥጥ ላይ የምራመድ ይመስለኛል፤ የአውቶቡስ ደረጃ ላይ ያደናቅፈኛል። መርፌ ከጣቴ ያመልጠኝ ጀመር። ደክሞኝ ነው ብዬ ለሐኪሜ ሳልነግረው ቀረሁ። የሚያውቀው ታደሰ ብቻ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሳይጠየቅ በርከክ ብሎ የጫማዬን ክር ያስርልኛል።

አንድ ቀን ሥራ ቦታ ደንበኛ ጥሎት የሄደ ጋዜጣ ሳገላብጥ ትንሽ ማስታወቂያ አየሁ። «ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም አለብዎት?» ይላል። አንድ የመሀል ከተማ ሆስፒታል ለሕክምና ጥናት ፈቃደኞች ይፈልጋል። ተሳታፊው በሳምንታት ውስጥ ኤም አር አይ እንደሚነሣ ተጽፏል። ደወልኩ፤ መልእክት መቀበያው አነሣ፤ ስሜንና ቁጥሬን ተውኩ። በማግስቱ ሎርና የምትባል ነርስ መልሳ ደወለችልኝ። ሕመሙ መቼ እንደጀመረኝ፣ አንገቴን ኦፕራሲዮን ሆኜ እንደማውቅ ጠየቀችኝና ለሐሙስ ቀጠሮ ሰጠችኝ። «የስምምነቱን ወረቀት በፖስታ እልክልሻለሁ፤ ሳታነቢው አትምጪ» አለችኝ።

ወረቀቱ መጣ። ብዙ ገጽ ነው። አንዱ ገጽ ላይ በጥናቱ መሳተፍ የማይችሉት ሰዎች ተዘርዝረዋል። ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ቃል በመዝገበ ቃላቴ ፈልጌ አጣሁት። እዚህ ላይ ነው «ዶክተር» ግርማቸው የሚገባው።

ጋሽ ግርማቸው በቤተ ክርስቲያናችን ዶክተር ይባላል። ምሥራቅ አውሮፓ ሄዶ ሁለት ዓመት የከብት ሕክምና ተምሮ ያቋረጠ ሰው ነው። የላም ሐኪም እንኳ ሳይሆን የሰው ሐኪም ሆኖ ቀረ። ቀን ቀን የቢሮ ሕንፃ ይጠብቃል፤ በዚያ አልንቀውም፤ ሁላችንም የማንወደውን ሠርተን ነው የምናድረው። የምንቀው እሑድ እሑድ ሦስት እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ የአሮጊቶችን የመድኃኒት ብልቃጥ እየተቀበለ «ይሄን ተዪው፣ ይሄን ግማሹን ዋጪው» ሲል ነው። እንዲህ እየናቅሁት ታዲያ ለምን ሄድኩ? በሁለት የሕክምና ጥናቶች ተሳትፌያለሁ እያለ ሲያወራ ስለሰማሁ ነው። የሚንቁትን ሰው ምክር መስማት ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ወረቀቱን ሰጠሁት። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አነበበ።

«ይቺ ቃል» አለ በእስክሪብቶው እየነካ፣ «ኅብለ ሠረሰር ሲነካ ማለት ናት። እግር የሚያደክመው።»

ደነገጥኩ። «እኔም እኮ እግሬ ይደናቀፋል፣ ጋሼ።»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በቃ፣ የእግርሽን ነገር እንዳታነሺ። ካነሣሽ ሪጀክት ያደርጉሻል። ተመልሰሽ ያንን ደብዳቤ ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ።»

«ቢጎዳኝስ?»

«ፈረንጅ ወረቀት ላይ ብዙ ይጽፋል፤ እንዳይከሰስ፣ ለሎየር ብሎ ነው። እኔ የደም ግፊቱ ጥናት ውስጥ ስገባ ሁሉን ነገር የነገርኳቸው ይመስልሻል? ሐሙስ አብሬሽ እሄዳለሁ። አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ አወራለሁ።»

ልብ በሉ፤ ቃሉን አላወቀውም ብል ይቅርታ አደርግለት ነበር። አውቆታል።

ቤት ገብቼ ለታደሰ ነገርኩት። ድንች እየላጠ ነበር። «ለምን አትነግሪያቸውም?» አለኝ።

«አይቀበሉኝማ!»

«ካልተቀበሉሽ ምክንያት ይኖራቸዋል። የማይሆነውን ሰው የጻፉት ለምን ይመስልሻል?»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ከመኪና ትኬት ሌላ አንብበህ ታውቃለህ?»

ቢላዋው ቆመ። «እኔማ አላውቅም» አለ። «እግርሽ ሲደናቀፍ ግን አያለሁ።» ድንቹን መላጥ ቀጠለ። ያን ሰዓት ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ግርማቸው ሰርግ የተጠራ ይመስል ሱፍ ለብሶ ሳብዌይ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀኝ። ባቡሩ ውስጥ እስክንደርስ ሲያስጠናኝ መጣ። «ክንድ በይ። ጣት በይ። ከዚያ በታች አካል የለሽም፣ እሺ?» በራሱ ቀልድ ብቻውን ሳቀ። ከባቡሩ ስወርድ ቀኝ እግሬ ተጠለፈና በር ላይ ያለውን ብረት ይዤ ዳንኩ። አይቶኛል። «ቀስ በይ እንጂ፣ እዚያ ጋ እንዲህ እንዳታደርጊ» አለኝ።

ሎርና ከጃማይካ የመጣች፣ ሰፋ ያለች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። የላስቲክ ጫማዋ በየርምጃው ይንጫጫል። «ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች» አልኩ በሆዴ፤ ልማዴ ነው። ትንሽ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችንና ጥያቄ ጀመረች።

«ሕመሙ ወዴት ይሄዳል?»

ጋሽ ግርማቸው ቀደመኝ። «ወደ ቀኝ ክንድ። ጣቶችም ይደነዝዛሉ።»

ሎርና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ባልሽ ነው?»

«እግዜር ያውጣኝ» አልኩ በአማርኛ። በእንግሊዝኛ «አይደለም» አልኩ።

«እኔ የሕክምና ሰው ነኝ» አላት ደረቱን ነፍቶ።

«የምን ሕክምና?»

«ጠቅላላ» አለ።

ሎርና ለጥቂት ሰከንዶች አየችው። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት አውቃለሁ፤ የእኔ ሙያ ነው። «እንግዲያው ታውቃለህ፤ በሽተኛዋ ናት የምትመልሰው» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «በመራመድ በኩል ችግር አለብሽ?»

«የለም» አልኩ። ቃሉ ሳያደናቅፈው ወጣ። ጋሽ ግርማቸው ራሱን ነቀነቀ፤ ለተማሪው እንደሚነቀንቅ አስተማሪ።

«እጅሽስ? ቁልፍ መቆለፍ፣ መጻፍ ያስቸግርሻል?»

«ልብስ ሰፊ ናት!» አለ እሱ እየሳቀ። ያን ዕለት የሸሚዜን ቁልፍ የቆለፈልኝ ታደሰ ነበር።

ቀጥላ ጥናቱን አስረዳችኝ። ሰዎቹ በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ። ግማሾቹ የአንገት መደገፊያ አድርገው ያርፋሉ። ግማሾቹ ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን አንገታቸው በመሣሪያ ይሳባል። «ማየት ትፈልጊያለሽ?» አለችና ወደ ሌላ ክፍል ወሰደችኝ። ጋሽ ግርማቸው ፎርሙን ላንብብ ብሎ ቀረ።

መሣሪያው ብዙም አያስፈራም፤ አልጋ ነው፣ ራስጌው ላይ ሞተር አለው። ከሞተሩ ገመድ ይመጣል፤ ገመዱ ጫፍ ላይ አገጭና ማጅራት የሚይዝ የጨርቅ ቀበቶ አለ። ሎርና ቀበቶውን በእጇ ይዛ ሞተሩን ከፈተችው። ገመዱ ቀስ ብሎ ተወጠረ፣ ላላ፣ እንደገና ተወጠረ። የሎርናን እጅ ወደ ራሱ ሲጎትት አየሁ። የእኔን ራስ እዚያ ውስጥ አሰብኩት።

«አንድ ጓደኛ አለችኝ» አልኩ። «እሷም አንገቷን ያማታል። ግን እግሯም ይደናቀፋል። እንደዚህች ዓይነት ሰው እዚህ ላይ ብትተኛ ምን ትሆናለች?»

ሎርና ሞተሩን አጠፋችው።

«ጓደኛሽ» አለችኝ ዝግ ብላ፣ «ዛሬ እዚህ መጥታለች?»

ዓይኗን ሸሸሁ። ጫማዬን አየሁ። ክሩን ያሰረልኝ ሰው ሁለት ጊዜ ነው የሚያስረው፤ እንዳይፈታና እንዳይጠልፈኝ።

«መጥታለች» አልኩ። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ጥጡን፣ የአውቶቡሱን ደረጃ፣ መርፌውን፣ ቁልፉን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። እያወራሁ እንባዬ ይወርዳል፤ ያለቀስኩት ከፍርሃት አይደለም። ዕድሌ ከእጄ ስታመልጥ እያየሁ ነበር። ሎርና አልተቆጣችም። «ተቀመጪ። ብቻሽን እንዳትነሺ» አለችኝና እየተንጫጫች ሮጠች።

ይዛው የመጣችው ሐኪም አጭር ነው፤ ሸሚዙ ያልተተኮሰ፣ ክራባቱ ላይ የሰናፍጭ ነጠብጣብ ያለበት። ከጋሽ ግርማቸው ጎን ቢቆም ሐኪሙ የቱ ነው ቢባል ማንም አይስትም ነበር፤ ማለቴ ሁሉም ይስት ነበር። ጋሽ ግርማቸውም ግርግሩን ሰምቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል።

ሐኪሙ ተረከዜን ከጣቴ እያገናኘሁ በቀጭን መስመር ላይ እንድሄድ ጠየቀኝ። ሁለት ርምጃ ሄጄ በሎርና ክንድ ላይ ወደቅሁ። «ጫማዋ ነው» አለ ጋሽ ግርማቸው። ሐኪሙ የመሀል ጣቴን ጥፍር ጫን አድርጎ ለቀቀው፤ አውራ ጣቴ ሳላዘው ብቻውን ዘለለ። ውስጥ እግሬን በብረት ጫረው፤ ትልቁ ጣቴ ወደ ላይ ተቀሰረ።

«አንቺ፣ አሁንም አልረፈደም፤ ዛሬ ብርድ መትቶኝ ነው በያቸው!» አለኝ ጋሽ ግርማቸው በአማርኛ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ይውጡልኝ።»

በሕይወቴ ለእሱ የተናገርኩት ትክክለኛ ነገር ያ ብቻ ነው። ሎርና ቃሉን ባትረዳም ትርጉሙ ገብቷት በሩን ዘጋችው።

ሐኪሙ ከፊቴ ተቀመጠ። «ጥናቱ ውስጥ መግባት አትችይም» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ዛሬ ቤትሽም አትሄጂም። የተነካው ነርቭ ብቻ አይመስለኝም፤ ኅብለ ሠረሰርሽ ራሱ ተጭኗል። አሁኑኑ ፎቶ እናነሣሻለን።»

«ባልናገርስ ኖሮ?» አልኩት።

ማስፈራራት ይችል ነበር፤ አላደረገውም። «መሣሪያው ላይ ከመተኛትሽ በፊት ፎቶው ያጋልጠው ይሆናል» አለ። «ግን ፎቶሽ የሚነሣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። እስከዚያ በየቀኑ በአውቶቡስ ትሄጃለሽ። ሾፌሩ በድንገት ፍሬን ቢይዝ? ደረጃው ላይ ብትወድቂ?» መነጽሩን አውልቆ በዚያው በቆሸሸው ክራባቱ ጠረገ። «አንዳንድ ሰው ከዚያ በኋላ አይነሣም።»

ወራት የጠበቅሁት ፎቶ በዚያው ከሰዓት በኋላ ተነሣ። ሐኪሙ እንዳለው ነው፤ የተንሸራተተ ዲስክ ኅብለ ሠረሰሬን አጣብቆ ይዞታል። ለታደሰ ደወሉለት። የፓርኪንጉን ካፖርት እንደለበሰ መጣ። አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። «ነግሬሽ አልነበረም?» እስኪለኝ ጠበቅሁ። እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢለኝ ልንቀው እችል ነበር። እሱ ግን ብርድ ልብሱን ወደ እግሬ ሳበና «ይሰማሻል?» ብሎ የእግሬን ጣቶች ያዘ።

ቅዳሜ ጠዋት ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። በአንገቴ ፊት በኩል ነበር የገቡት። ስነቃ እግሬ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፄ ግን የለም። ሐኪሞቹ ይመለሳል ብለዋል። እስኪመለስ ከሹክሹክታ በላይ ማውጣት አልችልም። ምላሷ ስለት ለሆነች ሴት ከዚህ የባሰ ቅጣት የለም፤ ለምን እንደሆነ እሑድ ዕለት ገባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስት ያህል ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሊጠይቁኝ መጡ። ከፊት የሚመራው ማን ይመስላችኋል? በሱፍ፣ በሦስት እስክሪብቶ። አልጋዬ ግርጌ ቆመና ስብከት ጀመረ።

«እኔ ገና አዳራሹ ውስጥ ሳያት ነው ኬዙ የገባኝ። ይሄ ኅብለ ሠረሰር ነው አልኩ። ቶሎ ብዬ ይዣት ባልመጣ ኖሮ ዛሬ ዊልቸር ላይ ነበረች።»

«እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዶክተር» አሉ እትዬ ብርሃኔ፤ አንድ ጊዜ የልብ መድኃኒታቸውን ግማሹን እንዲተዉ የመከራቸው ሴትዮ።

አንገቴ በመደገፊያ ታስሮ፣ ጉሮሮዬ ተቆልፎ፣ ዓይኔ ብቻ ቀርቶኛል። በዓይኔ ደበደብኩት። አልተሰማውም፤ እንደዚያ ያለ ሰው ዓይን አይሰማውም። ታደሰን በእጄ ጠራሁት። ጎንበስ አለና ጆሮውን አፌ ላይ አደረገ። የቀረኝን ትንፋሽ ሰብስቤ ሹክ አልኩት።

ታደሰ ቀና አለ። ሰው ፊት መናገር የማይወድ፣ ማኅበር ላይ እንኳ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጸዳለ የምትለው» አለ፣ «‹ያቺን ቃል ትርጉሟን አውቀው የእግርሽን ነገር እንዳታነሺ እንዳሉኝ ይንገሯቸው› ነው።»

እትዬ ብርሃኔ ወደ ጋሽ ግርማቸው ዞሩ።

«ሰው ሲታመም ብዙ ይናገራል…» ብሎ ጀመረ ጋሽ ግርማቸው።

«ይሄን ያለችው ባለፈው እሑድ ነው፤ ቤት መጥታ» አለ ታደሰ። ድምፁን አላነሣም። «ቀዶ ሕክምና ሳትገባ፣ ማደንዘዣ ሳትወስድ። ድንች እየላጥኩ ነበር። ጋሽ ግርማቸው፣ እርስዎ ሐኪም አይደሉም። እኔም አይደለሁም። ልዩነታችን እኔ አለመሆኔን ማወቄ ነው።»

ጋሽ ግርማቸው ሰዓቱን አየና ተረኛ ነኝ ብሎ ወጣ። እትዬ ብርሃኔ ቦርሳቸውን ከፍተው የመድኃኒት ብልቃጣቸውን ሲያወጡ አየኋቸው። ሎርና ልትጠይቀኝ ብቅ ብላ ነበር። «ልጄ፣ እስቲ ይሄን እይልኝ» አሏት በአማርኛ። ታደሰ በሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛው አስተረጎመላቸው።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ፈጽሞ ዳንኩ አልልም። ሁለት ጣቶቼ እስከ ዛሬ ድንዝ ናቸው፤ ስፌቱን ትቼ ልብስ መቀበያው ላይ ቆምኩ። ድምፄ ተመልሷል፤ ታደሰ «ያሳዝናል» ይላል፣ እየቀለደ ነው መሰለኝ። ለዚያ ለድንቹ ቀን ንግግሬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ወዲያውኑ ግን አልነበረም፤ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። «የትኛው ንግግር?» አለኝ። ለካ ብዙ ነበሩ።

ጋሽ ግርማቸውን ይቅር አላልኩትም። ቄሱም መክረውኛል፣ አልሆነልኝም። በማያውቀው ነገር ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ሰው ነው እል ነበር። እሱ ግን የሰው እግር በእጁ እንዳለ አውቆ፣ «አስገባት» ለመባል ብሎ በቁማር አስያዘው። ይህን ንቀት ወደ መቃብር ይዤው ብወርድ አላፍርም። የማፍረው በሌላው ነው፤ ሱፉን፣ ክራባቱን፣ የጫማውን ድምፅ፣ የተማሩበትን ክፍል እያየሁ ሰው ስመዝን ኖሬ፣ አንዱንም በትክክል አለመመዘኔ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በተካንኩበት ሙያ እንደዚያ መውደቅ ያሳፍራል።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ አንገት የማያመው ሰው የለምና ይህ ለእናንተም ይደርሳል። የሕክምና ጥናት ብትፈልጉ ፈልጉ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ የሆስፒታሉን ሰሌዳ አንብቡ፣ ደውሉ። አልቃወምም፤ እኔን ያዳኑኝም የጥናቱ ሰዎች ናቸው። ግን በሰውነቴ ላይ ምን ልታደርጉ ነው ብላችሁ ጠይቁ፤ ማን መግባት እንደማይችልና ለምን እንደማይችል አስነብቡ። የሚያማችሁን ሁሉ፣ የማይመለከታቸው የሚመስላችሁንም ጭምር ንገሯቸው። «ይሄን ደብቅ» የሚላችሁ ሰው አልጋው ላይ አብሯችሁ አይተኛም።

አሁንም ድረስ ሰዎች «ያ ጥናት ውስጥ እንዴት ገባሽ?» ይሉኛል። አልገባሁም። በእግሬ ግን እሄዳለሁ።